የታረቀኝ ራስ ቅል

ጉለሌ፣ ቁስቋም
ኅዳር 8 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙሉእመቤት ታረቀኝ፣

የሰላምታውን ወግ እናትሽ ከታች ትጽፈዋለች፤ እኔ ወደ ነገሬ ልግባ። ደብዳቤሽን የሙዚየማችሁ ሾፌር አቶ ኢታና አመጣልኝ። ማኪናውን አዲሱ ገበያ አቁሞ ዳገቱን በእግሩ ነው የወጣው፤ ደጃፌ ሲደርስ ሽማግሌው እሱ ይመስል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጻፍሽልኝ እኔ ስላልጻፍሁልሽ ነው፤ እኔም ያልጻፍሁልሽ አንቺ ስላልጻፍሽልኝ ነው። እልኸኝነቱን ከማን እንደወረስሽው እናትሽ ታውቃለች፤ በየቀኑም ትነግረኛለች።

ለጠየቅሽኝ ሁሉ በተራ እመልሳለሁ። አዎ፣ አሁንም የመቃብር ድንጋይ እጠርባለሁ። ዓይኔ ደህና ነው። አይ፣ ሐሳቤን አልለወጥሁም። ወንበርና ጠረጴዛ ያለው የመንግሥት ሥራ ትተሽ የጥንት አጥንት ፍለጋ በረሃ ለበረሃ ስትሄጂ ያልሁሽን ዛሬም እላለሁ፤ አባት ሙት ላይ ድንጋይ ይጭናል፣ ልጅ ከሙት ላይ ድንጋይ ታነሣለች። የእድራችን ዳኛ አቶ ዱጉማ «ሙሉ የት ደረሰች?» ባለኝ ቁጥር «ሥራ ላይ ናት» እለዋለሁ። ምን ሥራ እንደሆነ አልናገርም፤ እሱም ጨዋ ሰው ነውና አይጠይቀኝም።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ከሁሉ ይሻላል። «አንድን ድንጋይ ከገደል ላይ በመዶሻ ሳይመቱ ማውጣት ይቻላል ወይ?» ብለሻል። ይቻላል። ነገር ግን ድንጋዩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በውስጡ ምን እንዳለና ለምን እንደማይመታ ሳትነግሪኝ አንድ ቃል አልጨምርም። ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት አያዝም።

አባትሽ ታረቀኝ

ሙሉዬ፣ እኔ እናትሽ የዓለምወርቅ ነኝ። እንዴት ነሽልኝ የኔ ዓለም? እዚያ በረሃ ምን ትበያለሽ? እኛ ደህና ነን። የቁስቋም ማርያምን በዓል ከትናንት ወዲያ በሰላም አከበርን፤ ስምሽን ጠርቼ ተስያለሁ። አባትሽ ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አንብቦታል። ከኔ አልሰማሽም።


አፋር፣ ከአዋሽ ወንዝ ማዶ
ኅዳር 24 ቀን 1973 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ጉልበትዎን በሩቁ ስሜ ልጀምር። ከሁሉ በፊት ይቅርታዎን እለምናለሁ። ቀድሞ መጻፍ የልጅ ፋንታ ነበር፤ እኔ ግን እርስዎ እስኪጽፉ ጠበቅኩ። ለእማዬ የምንበላው ፓስታና ሩዝ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ የፍየል ሥጋ ነው ይበሉልኝ። አልከሳሁም። እንደማታምነኝ አውቃለሁ።

በድንጋዩ ውስጥ ያለው የራስ ቅል ነው። እንደኛ በሁለት እግሩ ቆሞ የሄደ፣ የሰው ዘር ሁሉ የጥንት የጥንት ቅድመ አያት። ያገኘሁትም እኔ ነኝ፣ አባባ። ይህን የምጽፈው በኩራት ነው፤ ለእርስዎ ካልኮራሁ ለማን ልኩራ? ጥቅምት 29 ቀን ጠዋት ከአፋሩ መንገድ መሪያችን ከሐመዱ ጋር አንድ ሸንተረር ስንወርድ፣ ከገደሉ ፊት የጣት ጫፍ የሚያህል የቅንድብ አጥንት ብቅ ብሎ አየሁ። በዚያ መንገድ የቡድናችን ሰዎች ሁለት ዓመት ተመላልሰውበታል። ዕድሜውን ስመጣ በቃሌ እነግርዎታለሁ።

የያዘው ድንጋይ ቡናማ ነው፤ አሸዋ ተጋግሮ የሠራው፣ በጥፍር የማይጫር፣ በቢላ ግን የሚጫር። ቅሉ ራሱም ከዘመን ብዛት ድንጋይ ሆኗል፤ ቢሆንም ስስ ነው፣ መዶሻ ከነካው እንደ ገል ይፈረካከሳል።

የቡድኑ መሪ ፈረንጁ ፕሮፌሰር «ፈልጠን በቁርጥራጭ እንውሰደው፤ እኔ አገር ባለው ላቦራቶሪ ይገጣጠማል» አለ። እኔ ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት «ሳልመታው፣ ሙሉውን አወጣዋለሁ» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። አልሳቀብኝም፤ እስከ ጥር መጨረሻ ጊዜ ሰጠኝ፣ የሥራ ፈቃዳችን ያኔ ያበቃልና። ሙሉውን ካወጣሁት ግኝቱ በኔ ስም ይመዘገባል፤ ቅሉም ከአገር ሳይወጣ አዲስ አበባ ላይ በእጄ አጸዳዋለሁ። ከሰበርኩት ግን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ወንበር ተመላሽ ነኝ። «ይቺ ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች?» ይሉ የነበሩትም ልክ ነበሩ ማለት ነው።

አባባ፣ እንዴት ላውጣው?

ልጅዎ ሙሉ


ጉለሌ፣ ቁስቋም
ታኅሣሥ 7 ቀን 1973 ዓ.ም.

ልጄ ሙሉእመቤት፣

ዕድሜውን የዘለልሽው አውቀሽ ነው። ጥሩ አደረግሽ። እኔ ከአዳም እስከ ዛሬ ሰባት ሺህ አራት መቶ ሰባ ሦስት ዓመት ነው ብዬ የተማርሁ ሰው ነኝ፤ አንቺ የምታውቂው ቁጥር ከዚያ ከበለጠ እዚያው ይዘሽው ቆይ። በአቶ ኢታና በኩል በቃል «የነፍስ አባትዎን ጠየቁ ወይ?» ብለሽ ልከሽብኛል። አልጠየቅሁም። ካልተጠየቁ አይከለክሉም።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ከመንካትሽ በፊት ስሚው። በመዶሻው እጀታ ነካ ነካ አድርጊው፤ ጤነኛ ድንጋይ እንደ ደወል ይጠራል፣ ውስጡን የታመመ ድንጋይ እንደ ባዶ ጣሳ ያንኳኳል። ጤነኛውን መስመር ፈልጊ። ከቅሉ ቢያንስ ሁለት ስንዝር ርቀሽ፣ ዙሪያውን ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ በቀጭን መሮ አውጪ። መሮውን አትምቺው፤ እያዞርሽ ግፊው። እጅሽ ይላጣል፤ ይላጥ።

በየቀዳዳው ደረቅ የእንጨት ሽብልቅ በመዳፍሽ ገፍተሽ አስገቢ። ጨርቅ ጠቅልይበት። ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጪው። እንጨቱ ውሃውን ጠጥቶ ሲያብጥ ድንጋዩን ቀስ አድርጎ ይከፍተዋል፤ ማንም ሳይመታው፣ ሳይደነግጥ። አያትሽ የትልልቆቹን ሰዎች የመቃብር ድንጋይ ከእንጦጦ ሥር ያወጣው በዚህ ነው። በሲሚንቶ ዘመን የሚያስታውሰው እኔ ብቻ ቀርቼ ነበር፤ እነሆ አሁን ሁለት ሆንን።

ሃያ አራት ሽብልቅ በጆንያ አድርጌ ለኢታና ሰጥቻለሁ። ባሕር ዛፍ ነው፤ ሁለት ክረምት ጣራ ሥር ደርቋል። በረሃ ላይ ውሃ ብርቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ፊትሽን ሳትታጠቢ ብትውይ ማን ያይሻል?

አትቸኩዪ። ድንጋይ የቸኮለ ሰው ያውቃል።

አባትሽ ታረቀኝ


አፋር፣ ከአዋሽ ወንዝ ማዶ
ታኅሣሥ 28 ቀን 1973 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ፤ እማዬንም እንኳን አደረሰሽ ይበሉልኝ። ሽብልቆቹ ደርሰው ገብተዋል። የቡድኑ ሰው ሁሉ የመታጠቢያ ውሃውን ሰጠኝ፤ ፕሮፌሰሩ ጢሙን ከተላጨ ሁለት ሳምንት ሆነው። ሐመዱ «ግመሎቼ ተጠምተው እንጨት ሲጠጣ አየሁ» ብሎ ለመንደሩ ሰው እያወራ ያስቃል።

ሥራው ደህና ነው። ሁሉም ደህና ነው። ስለኔ አያስቡ።

ልጅዎ ሙሉ


ጉለሌ፣ ቁስቋም
ጥር 6 ቀን 1973 ዓ.ም.

ልጄ ሙሉእመቤት፣

ደብዳቤሽ አጭር ነው። አንቺ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ዝም የምትዪው ስታጠፊ ነው። በአንድ መስመር ሁለት ጊዜ «ደህና ነው» ብለሻል፤ ደህና የሆነ ሰው አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ስለዚህ ኢታናን ይዤ ጠየቅሁት። ምስኪኑ ሾፌር መዋሸት አይችልበትም። «አንድ ስንጥቅ መንገዱን ስቶ ወደ ቅሉ ዞሯል፤ እሷም ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም» አለኝ።

እንግዲህ የኔን ልንገርሽ፤ ለማንም ነግሬው አላውቅም። በ1949 ዓ.ም. የአንድ ፊታውራሪ የመቃብር ድንጋይ ስሠራ ማዕረጉን፣ ስሙን፣ የክርስትና ስሙን ጨርሼ የመጨረሻዋን ፊደል ስቀርፅ ከጥጉ ስንጥቅ ተነሣ። ደበቅሁት። ሰምና የድንጋይ ዱቄት ደፈንሁበት፣ ማንም አላየም። በሦስተኛው ክረምት ድንጋዩ ስሙ መሐል ላይ ለሁለት ተከፈለ። ስሜ ከቁስቋም እስከ አዲሱ ገበያ ጠፋ፤ ለመመለስ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ስንጥቅ አይደበቅም፣ ሙሉ። ለአባት ደግሞ ጭራሽ አይደበቅም።

ይልቅ ይቆማል። ሽብልቆቹን አትንቀዪ፤ አብጠዋልና ብትጎትቻቸው ይባስ ይቀደዳል። ውሃ ከልክያቸው፤ የዚያ አገር ፀሐይ በሁለት ቀን ያሟሽሻቸዋል። ከዚያ የስንጥቁን ጫፍ ፈልጊ። በዓይን አታገኚውም፤ ውሃ በጣትሽ ቀቢው፣ ሌላው ሲደርቅ ስንጥቁ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ልክ ጫፉ ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ አውጪ፣ ከስንዴ ቅንጣት ትንሽ የሚሰፋ። ስንጥቅ ሹል ነገር ነው፤ ክብ ነገር ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣል። ከዚያ በኋላ ከስንጥቁ ወዲያ ማዶ ያሉትን ሽብልቆች ብቻ አጠጪ።

ሥዕሉን በሌላ ወረቀት ሥዬልሻለሁ። እህል ብዪ። የተራበ እጅ ይንቀጠቀጣል።

አባትሽ ታረቀኝ


አፋር፣ ከአዋሽ ወንዝ ማዶ
ጥር 26 ቀን 1973 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ወጣ።

ሙሉውን ወጣ። ከቅንድቡ እስከ ማጅራቱ፣ ከላይ መንጋጋው ሰባት ጥርሶች ጋር። ስንጥቁ ቀዳዳዋ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ከቅሉ የቀረው ርቀት የአውራ ጣቴ ስፋት ነበር። ስለ ቀኑ አልጽፍም፤ ስመጣ እማዬም እየሰማች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እነግርዎታለሁ። ፕሮፌሰሩ ምን አለ ብለው እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ እሱን ብቻ ልንገርዎት። መዝገቡን አምጥቶ እስክሪብቶውን ሰጠኝ፣ በአገኘው ሰው ስም ቦታ ሙሉ ስሜን በአማርኛ ጻፍኩ።

ስንጥቁን ስለደበቅኩዎ ይቅር ይበሉኝ። እፍረት ያዘኝ። ከሁለት ዓመት ኩርፊያ በኋላ መጀመሪያ የማሳይዎት ሥራ የተሰነጠቀ እንዲሆን አልፈለግኩም።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ደብዳቤዎ የጥር 6 ቀን ሆኖ ሳለ እጄ የገባው ጥር 15 ነው። ሥዕሉም ተጨማድዶ፣ በእርሳስ ነበር፤ እርስዎ በእርሳስ ጽፈው አያውቁም። አሞዎት ነበር እንዴ? እጆቼን ከጠየቁኝ፣ ተልጠዋል። የእርስዎን እጅ መስለዋል።

ልጅዎ ሙሉ


ጉለሌ፣ ቁስቋም
ሚያዝያ 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ሙሉእመቤት ታረቀኝ፣ ናይሮቢ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ናይሮቢ ያሉትን የጥንት አጥንቶች ከኛው ጋር ስታስተያዪ ስድስት ወር እንደሚፈጅብሽ ብትነግሪኝም እናትሽ ስድስት ዓመት አድርጋ ነው የምትቆጥረው። ጤንነታችን መልካም ነው። ዛሬ የምጽፈው ተቆጥቼ ነው።

የላክሽው የፈረንጅ መጽሔት ደረሰ። ግቢያችን የተከራየው መምህር ገለታ ቁጭ ብሎ አነበበልኝ። ዓመት ከመንፈቅ በመርፌና በብሩሽ ያጸዳሽው ቅል ፎቶግራፉ ሙሉ ገጽ ይዟል፤ አምሮበታል። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን ምንድን ነው? ታረቀኝ አገኘው ይላል። ታረቀኝ በውሃና በእንጨት አወጣው ይላል። ታረቀኝ አጸዳው ይላል። አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርን። አንዲት ሙሉእመቤት የለችም! ይባስ ብሎ ቅሉን ራሱን «የታረቀኝ ራስ ቅል» ብለውታል። እኔ አፋር አገር እግሬ ረግጦ አያውቅም።

ነገሩ እዚህ ደርሷል። መምህር ገለታ አፉ አያርፍም፤ ሰንበቴ ላይ አውርቶት አቶ ዱጉማ በሰው ፊት ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ። የት እንደምገባ ጠፋኝ። አርባ ዓመት የሰው ስም ቀርጫለሁ፣ የራሴን የትም አልጻፍሁም፤ በኛ ሙያ ጠራቢ ስሙን አያኖርም። በሌላ ሰው ሥራ ላይ ስም ማኖር ደግሞ ሌብነት ነው። ልጄን መዝረፌ ነው። ለፕሮፌሰሩ ጻፊለትና ይታረም።

መጻፍ ከጀመርሁ አይቀር፣ በአካል ስትጠይቂኝ የሸሸሁሽን ልንገርሽ፤ ገለታ አንድ ቀን ይነግርሻልና ከኔ ይሁን። ያቺን የስንጥቅ ሥዕል ለኢታና ልሰጥ ስወርድ የቀበሌ ጥበቃ ፈተሸኝ። መስመር፣ ቀዳዳ፣ «ውሃ እዚህ»፣ «እዚህ አትንኪ» የሚል ጽሑፍ አየና የፈንጂ ንድፍ ነው አለ። ከፈረንጅ ጋር በረሃ ያለች ልጅ እንዳለችኝም ያውቃሉ። ስድስት ቀን አቆዩኝ። ሥዕሉን ወስደው ቀሩ። የተፈታሁ ዕለት ወረቀትና እርሳስ ከጽሕፈት ቤታቸው ለምኜ በራቸው ላይ ቁጭ ብዬ እንደገና ሣልሁት፤ ኢታና በዚያው ይዞት በረረ። አልመቱኝም። የምጽፍልሽ እንድታዝኚ አይደለም፤ ሥዕሉ በእርሳስ ለምን እንደሆነ እንድታውቂ ነው።

አባትሽ ታረቀኝ


ናይሮቢ
ግንቦት 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ደብዳቤዎን ይዤ ከሙዚየሙ ግቢ አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ስድስት ቀን! ያን ጊዜ እኔ በራሴ ሐሳብ ውሃ የከለከልኳቸውን ሽብልቆች ከብቤ ምን እንደማደርግ ጨንቆኝ፣ ስንጥቁን ራሴ ደብቄ፣ አባባ ለምን ዘገዩ ብዬ ተቆጥቼዎት ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ስለ መጽሔቱ፣ የፈረንጆቹ ስህተት ተንኮል የለበትም። እነሱ ዘንድ በስተመጨረሻ ያለው ስም የቤተሰብ ስም ነው፤ ሰው የሚጠራውም የሚጻፈውም በሱ ነው። እኔን እዚህ «ሚስ ታረቀኝ» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን ስጠራ ዘወር ብዬ እርስዎን እፈልግ ነበር። እንዲህ እንዳይሆን ቀድሜ መንገር ነበረብኝ፤ አልታሰበኝም።

ፕሮፌሰሩ ስህተቱን ሲሰማ ደንግጦ «በሚቀጥለው እትም ማረሚያ እናወጣለን» ብሎ ጻፈልኝ። አይታረም አልኩት። ሥራዬን የሚያውቁ ማን እንደሠራው ያውቃሉ፤ በሙዚየማችን መዝገብ ላይም ሙሉ ስሜ በእጄ ጽሑፍ አለ፤ ከሐምሌ ጀምሮም የላቦራቶሪው ኃላፊ እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ታረቀኝ በውሃና በእንጨት አወጣው የሚለው ደግሞ ውሸቱ የቱ ላይ ነው? ትናንት ሁለት የዚህ አገር ባለሙያዎች መጥተው የሽብልቁን ሥራ እንዳስተምራቸው ጠየቁኝ። ከአባቴ የተማርኩት መሆኑን ስነግራቸው «ሚስተር ታረቀኝ የት ነው የተማረው?» አሉ። «ከአባቱ» አልኳቸው።

ሌብነት አይበሉት። እኔ ራሴ የሰጠሁዎት ነው። ከሰኔ አጋማሽ በኋላ እመጣለሁ።

ልጅዎ ሙሉ


ጉለሌ፣ ቁስቋም
ሰኔ 1 ቀን 1975 ዓ.ም.

ልጄ ሙሉእመቤት፣

ደብዳቤሽን አነበብሁ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ እናትሽ ትነግርሻለች። አይታረም ካልሽ አልከራከርም። ግን እንዲሁ ተቀብዬም አልቀር።

ባለፈው ክረምት የቁስቋም ማርያም የቅጥር በር በጎርፍ ፈርሶ ነበር። ሰበካ ጉባኤው ሥራውን ለኔ ሰጠኝ፤ ከየካቲት ጀምሮ ስጠርብ ቆይቼ በዚህ ሳምንት ጨረስሁ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል። ማዕዘኑ ላይ ቢላ የሚገባበት ክፍተት የለም። ሲያዩት ጊዜ ተሰብስበው መከሩና፣ እንደ ወጉ ባይሆንም፣ የጠራቢው ስም ከበሩ በስተቀኝ ይጻፍ ብለው ወሰኑልኝ። «ማንም እንዳይቀርፅብኝ፣ እኔው እጽፈዋለሁ» አልሁ። ሦስት ቀን በጆንያ ጋርጄ ሠራሁት።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ጆንያውን አነሣሁ። አቶ ዱጉማ መነጽሩን አድርጎ ቀረበ፤ አነበበ፤ እንደገና አነበበ። «ታረቀኝ፣ ምን ነካህ? ይሄ እኮ የልጅህ ስም ነው» አለኝ።

«አዎ» አልሁት።

«በሩን የሠራኸው አንተ!»

«እነዚያ የሷን ሥራ በኔ ስም ጻፉት። እኔ ደግሞ የኔን በሷ ስም ጻፍሁት።»

ሰበካ ጉባኤው እርስ በርስ ተያየ። ይፋቅ ያለ ሰው አልነበረም። እናትሽ እልል አለች፤ ያ ሁሉ ሴት ተከተላት።

ከሾላው ዛፍ በኩል ስትመጪ ፊት ለፊት ይታይሻል። ጽሑፉ ጥሩ ወጥቷል፤ የ«ቤ» ቀለበት ብቻ ትንሽ ሰፋብኝ።

የሙሉእመቤት አባት